የጭስ ቤቱ ሚስማር

ኢንስፔክተር መነን አንሶላውን ስትገልጥ ዓይኗ ያረፈው የሟቹ ቀኝ እጅ ላይ ነበር። የአራቱም ጣቶች መገጣጠሚያ ቆዳው ተልጦ ደሙ ደርቋል። ፊታቸውን ለማየት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት፤ ታውቃቸዋለችና።

አቶ ዳምጠው ሐሙስ ዕለት ፖሊስ ጣቢያ መጥተው ቢሮዋ በር ላይ ቆመው ነበር። ከሽመል የሠሩትን ባርኔጣ በሁለት እጃቸው ይዘው «ክስ አይደለም ልጄ፤ ስለ አንድ ወዳጄ ምክር ፈልጌ ነው» አሏት። ስብሰባ ረፍዶባት ነበር። «ክስ ካልሆነ ሰኞ ይምጡ፣ አባባ» ብላ በአጠገባቸው አልፋ ወጣች።

ዛሬ ቅዳሜ ነው።

«ጭስ ነው የገደላቸው» አለ ሳጅን ዲሳሳ ከኋላዋ። «ሐኪሙም ይሄንኑ ብሏል። ትናንት ጭስ ቤት ውስጥ ሳሉ በሩ ተዘጋባቸው፤ ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሲከፈት ተገኙ። አደጋ ይመስላል።»

«እጃቸውን አየኸው?»

«በር የተዘጋበት ሰው ያንኳኳላ፣ ምን ያድርግ?»

«ታዲያ ሠላሳ ሠራተኛ ባለበት ግቢ ማን ሰማ?»

ዲሳሳ ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ መልሶ ዘጋው። የባምባሲ ልጅ ነው፤ የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሆኖ ማውራት አይሆንለትም። መነን ከእሱ የምትወደው ይህንኑ ነው።

አስከሬኑ የተኛው በድርጅቱ ቢሮ ውስጥ፣ ሁለት ጠረጴዛ ተገጥሞ ነው። ፖሊስ እስኪደርስ ሠራተኞቹ ከጭስ ቤቱ አውጥተው እዚህ አስተኝተዋቸዋል፤ ለመርማሪ ከዚህ የከፋ ደግነት የለም። መነን ኪሶቻቸውን ፈተሸች። ከሱሪያቸው ቀኝ ኪስ አንድ ቀለበት ወጣ። ለጣት የሚሆን አይደለም፤ ከወፍራም ሽመል በስሱ የተቆረጠ፣ ክር የገባበት ክብ ነው። በጋለ ብረት «ዳምጠው» ተብሎ ተጽፎበታል። ክሩ አዲስ፣ እንጨቱ ነጣ ያለ ነው፤ ጎድጎድ ባለው ፊደል ውስጥ አቧራ ተኝቷል። በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው፤ ለማንም አልተናገረችም።

በር ላይ አንድ ጠና ያሉ ሰው ጠበቋት። አቶ አሳምነው ይባላሉ፤ ከሟቹ ጋር ድርጅቱን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ሲጨብጧት መዳፋቸው ላይ አዲስ፣ ውሃ የቋጠረ ቁስል ተሰማት።

«እጅዎ ተጎድቷል።»

«ሥራ ነው። የሽመል ሰው እጅ መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል?» ዓይናቸው ቀልቷል። «ምን ላስረዳሽ፣ ልጄ?»

«የጭስ ቤቱን አሠራር።»

«ሽመል ጥሬውን ከተሸጠ ነቀዝ ይበላዋል። ስለዚህ ጭስ ቤት ደርድረን ሦስት ቀን እናጨሰዋለን። በሩ ከፊት ነው፤ እሳቱ የሚነደው ከጀርባ ባለው ምድጃ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ሠራተኛ ተዘግቶበት ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ዳምጠው ሕግ አወጣ። የሚገባ ሰው ከአንገቱ ቀለበቱን አውልቆ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይሰቅላል። ሚስማሩ ባዶ ካልሆነ በር አይዘጋም፣ እሳት አይለኮስም።»

«ቀለበት የሌለው እንግዳ ቢሆንስ?»

«ኮፍያም ሻሽም፣ ያለውን ይሰቅላል።»

«ትናንት ሚስማሩ ባዶ ነበር?»

«ባዶ ነበር። ሰውየው ቀለበቱን ሳይሰቅል ገባ፤ ሌላ ምን ይባላል? ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ልቡ ሁሉ ውሉ ላይ ነበር። ረሳ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ውሉን ፈርሜ ወዲያው ወደ ኤርፖርት ሄድኩ። የመሰንጠቂያ ማሽናችን ምላጭ በአውሮፕላን ይመጣ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ወደ ማምሻው ላይ ከሠራተኛው ጋር ማንጎው ሥር ሻይ ጠጣን።»

«አቶ ዳምጠው ከሻዩ ሲቀሩ ማንም አልጠየቀም?»

«ወደ ቤቱ የሄደ መሰለን። ከልጁ ጋር ተኳርፈው ነበር፤ ከፍቶታል ብለን…» ቀሪውን በመሐረባቸው ዋጡት።

ውሉ ምን እንደሆነ አሶሳ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ሁለቱ ሰዎች በሃያ ሁለት ዓመት ያቆሙትን የሽመል ሥራ ድርጅት ለሠራተኞቹ እየሸጡ ነበር። ድርጅቱን ሠራተኞቹ የመረጧቸው ባለአደራዎች ለሁሉም ይይዛሉ፤ ማንም ድርሻዬ ብሎ ነጥሎ አይሸጥም፤ የወጣ ይተወዋል፣ የገባ ይካፈላል። የመሥራቾቹም ዋጋ ከየዓመቱ ትርፍ ይከፈላል። ዓርብ በግቢው ውስጥ ፈረሙ። ሰኞ ሁለቱም በአካል ቀርበው ውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ነበረባቸው። ጠበቃቸው ከሰኞ በፊት አንዳቸው ቢሞቱ ሽያጩ እንደሚቆም፣ የሟቹ ግማሽ ለወራሹ እንደሚተላለፍ በግልጽ ነግሯቸው ነበር።

ወራሹ አንድ ልጅ ናት፤ የዝና።

እሳቱን የሚያነደው ሚፍታህ ጭስ ቤቱ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። የመንጌ ሰው ነው፣ በርታ፤ አማርኛ የለመደው በሥራ ነው። መነንን ሲያይ ሁለት እጁን አጣምሮ ዘረጋላት።

«ኢንስፔክተር፣ እኔን እሰር።»

«መጀመሪያ ንገረኝ። ምን አየህ?»

«አሥር ሰዓት ተኩል ነው። በሩ ተዘግቷል፣ መወርወሪያው ገብቷል። ሚስማር ባዶ። እኔ ወደ ኋላ ሄዶ እሳት ለኮሰ።»

በሩ ላይ በአማርኛና በበርታ ቋንቋ የተጻፈውን አንብባለች። «ሕጉ ‹ከመለኮስህ በፊት በሩን ከፍተህ ሦስት ጊዜ ተጣራ› ይላል። ተጣራህ?»

ሚፍታህ መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወው። «ወላሂ አልተጣራም። በዓል ነበር። ሰው ‹ና፣ ብስኩት ሊያልቅ ነው› ይላል። ሚስማር ባዶ ነው አልኩ።»

«ማንኳኳት ሰማህ?»

«ማንኳኳት የለም። ሽመል ብቻ ይጮኻል። አንጓው ውስጥ አየር አለ፤ ሲሞቅ ይፈነዳል። ሁሌ ነው።»

«ትናንትም ፈነዳ?»

«ብዙ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ሐና በጣም ሳቀ።»

«ሽመሉን ውስጥ የደረደረው ማን ነው?»

«ሁለቱ አባቶች። ሐሙስ። እኛ ሁላችን ባለአደራ ለመምረጥ ስብሰባ ሄደን። እነሱ ‹የመጨረሻው ዙር በእኛ እጅ ይሁን› አሉ። ራሳቸው አዘጋጁ፣ ራሳቸው ደረደሩ።»

መነን እጁን አላሰረችም። እሱ ግን እንዳጣመረው ቆየ።

የባለአደራዎቹ ሰብሳቢ ሐና ቢሮው በር ላይ ስትንጎራደድ አገኘቻት። አሥራ ሁለት ዓመት ወንበር ስትገጣጥም የኖረች ሴት ናት፤ ቆሞ ማውራት አትችልም፤ እጇ ካልሠራ አፏም አይሠራም። ስታወራ የበሩን ሳንቃ ስንጥር እየለቀመች ነበር።

«ብስኩቱን የገዛሁት እኔ ነኝ» አለች ሳትጠየቅ።

«ብስኩት ወንጀል አይደለም። ትናንት አቶ ዳምጠውን መጨረሻ ያየሻቸው መቼ ነው?»

«አሥር ሰዓት ገደማ። ባርኔጣቸውን አድርገው ወደ ጓሮ ዞሩ። በኋላ በር ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መሰለኝ።»

መነን በጣቷ ወደ ውስጥ ጠቆመች። የሽመሉ ባርኔጣ ቢሮው ግድግዳ ላይ፣ ከመስቀያው ተንጠልጥሏል። ከሥሩ የአቶ ዳምጠው ስልክ ከቻርጀሩ ጋር እንደተሰካ ነው።

«አድርገውት ከሄዱ እዚህ ምን ይሠራል?»

የሐና እጅ ቆመ። «ማታ ስቆልፍም እዚያው ነበር። አይቼዋለሁ…» ቀስ ብላ ግንባሯን ያዘች። «ያለ ባርኔጣቸው ከግቢ ወጥተው አያውቁም። ባርኔጣው ካለ ሰውየውም አሉ ማለት ነው። አይቼው መብራት አጥፍቼ ወጣሁ።»

«ቀለበታቸውስ?»

«የትኛው ቀለበት?»

«ስማቸው ያለበት። ከአንገታቸው የማይለየው።»

«እሱማ ትናንት ተቃጠለ! ውሉ እንደተፈረመ፣ ጋሼ አሳምነው ወደ ኤርፖርት እንደወጡ ነው። የእኛን አዲስ ቀለበት በምናትምበት እሳት ውስጥ ጣሉትና ‹ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ ደግሞ ባርኔጣውን ነው የሚሰቅል› አሉ። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔ አለቀስኩ፤ ዲጄውም አለቀሰ።»

ዲሳሳ ሳል መጣበት። መነን መሐረቡን ፈትታ ቀለበቱን አሳየቻት። ሐና ቀለበቱን አየች፤ ከዚያ ወደ ቢሮው ሰሌዳ ዞረች። ሰሌዳው ላይ በረድፍ የተመቱ ሚስማሮች አሉ፤ በየሚስማሩ አንድ ቀለበት።

«የሁሉም ሰው መለዋወጫ ነው» አለች ሐና። «ዋናው ከጠፋ ይሄ ይወሰዳል። ትናንት ማታ ሳልቆልፍ በፊት ሁሉም ቦታው ላይ መሆኑን አይቼ ነው የወጣሁት፤ ሰኞ በአዲስ ልንተካው ነበር። አሁን የጋሼ ዳምጠው ቦታ ባዶ ነው።»

«ስለዚህ ይሄ ቀለበት ከዚህ የተነሳው ዛሬ ጠዋት ነው፤ አስከሬኑ እዚህ ከገባ በኋላ። ከእሳቸው ጋር ብቻውን የቆየ ማን ነው?»

«እኔ ፊታቸውን አጥቤአለሁ። ሚፍታህ ጥቂት ቆሞላቸዋል። የዝና ስትመጣ ‹ብቻዬን ተዉኝ› አለች። ጋሼ አሳምነውም ፖሊስ እስኪመጣ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር።»

«አንድ ነገር ይቀረኛል። ሻይ ስትጠጡ ሽመሉ ሲጮኽ ምን አልሽ?»

ሐና ስንጥሩን ወደ መልቀም ተመለሰች። ሊመጣ ያለውን ሳታውቅ አልቀረችም። «ቀልድ ነው። ‹ሽመሉም ባለድርሻ ሆንኩ ብሎ እያጨበጨበ ነው› አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ።»

«ሁሉም?»

«ጋሼ አሳምነው ብቻ አልሳቁም። ‹እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ዝም ይላል› አሉ።»

የዝና ከማንጎው ጥላ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ ነበር። መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ነው የመጣችው።

«አንቺ ነሽ መርማሪዋ? እንግዲህ ጠይቂኝ። ከተማው ሁሉ አባቷን ገድላ ግማሹን ልትወርስ ነው እያለ ነው።»

«ገደልሽው?»

«አይደለም።»

«ሽያጩን ትቃወሚ ነበር።»

«እቃወም ነበር። ለሠላሳ ሰው አባት ነው፤ ለእኔ ጊዜ አልነበረውም። የምረቃዬ ቀን ጭስ ቤት ውስጥ ሽመል ሲያገላብጥ ነው የዋለ። በመጨረሻ ቤቱን ሁሉ ለእነሱ ሲሰጥ ‹ጎሽ› ልበለው?»

«ትናንት አገኘሽው?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ደወለ። ‹ቀለበቴን እሳት ውስጥ ጣልኩት፣ የዝና፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እንግዳ ነኝ፣ አሁን ቤቴ እውላለሁ› አለ።» ድምጿ አልተሰበረም፤ ይልቁንም ደረቀ። «‹ለእኔማ ድሮም እንግዳ ነህ› አልኩትና ዘጋሁበት። ስልኬን አጠፋሁ። ቢሞት ማን ይፈልገዋል? ብቻውን ነው የሚኖር። ማታ ‹ገባህ ወይ?› የምትለው እኔ ነበርኩ።»

መነን የምትለው ነገር ነበራት፤ ሐሙስን። አላለችም። «አመሰግናለሁ» ብላ ዞረች፤ ሦስት እርምጃ ሄዳ በራሷ ተናደደች።

«ዲሳሳ፣ ኤርፖርት ደውል። ምላጩን ማን ከማን ጋር ሆኖ እንደተቀበለ ጠይቅ። እኔ ሽመሉን አያለሁ።»

ጭስ ቤቱ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በወፍራሙ በጭቃ የተመረገ ነው። መነን ጎንበስ ብላ ገባች፤ ሚፍታህ ተከተላት። በሩ ከውስጥ በኩል፣ በደረት ከፍታ ላይ፣ ጥላሸቱ በጣት መጠን ተገርፎ የእንጨቱ ንጣት ወጥቷል። ሚፍታህ እሱን ላለማየት ፊቱን አዞረ።

ከጥግ አንድ ቀጭን ረጅም የብረት ዘንግ ተጋድሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ አያውቅም። የእኛ አይደለም።»

ከድርድሩ አንድ ሽመል ጎትታ አወጣች። «ሰንጥቅልኝ።»

ሚፍታህ በገጀራው አንዴ መታው፤ ሽመሉ ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ተከፈለ። ሽመል ውስጡ በየአንጓው በግድግዳ የተዘጋ ነው። የዚህ ግን እያንዳንዱ ግድግዳ መሃሉ ላይ ተበስቷል፤ ቀዳዳው በዘንጉ ልክ ነው።

«ሌላ» አለች። ሌላም ተሰነጠቀ። አምስተኛው ላይ አቆመችው። ሁሉም ተበስቷል።

«ጋሼ ዳምጠው ይሄን ወሬ ያወራ ነበር» አለ ሚፍታህ። «እንዳይሰነጠቅ፣ ጭሱ ውስጡ እንዲገባ ብሎ። አንድ ቀን እንሞክራለን ይል ነበር።»

«የተበሳ ሽመል ሲሞቅ ይፈነዳል?»

«አይፈነዳም። አየሩ ይወጣል። ይሄ አይጮኽም፣ ወላሂ፣ ዝም ነው…»

የጀመረውን አልጨረሰም። ገጀራውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጠ። ወደ በሩ ዞረ፤ ጥላሸቱ የተገረፈበትን ቦታ አየ። ከዚያ ተቀመጠ፤ እግሩ ከድቶት።

«ጧ፣ ጧ አለ» አለ። «እኔ ምድጃው ጋ ነበረ። በእኔና በእሱ መሃል ግድግዳ ብቻ። እኔ እንጨት ጨመረ።»

መነን ማጽናኛ አታውቅም፤ ብታውቅም የሚሆን አልነበረም። አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ሥራ እየጠበቃት ሳለ ያለ ምክንያት የተቀመጠችበት ቀን ከዚህ በፊት ትዝ አይላትም።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ማንጎው ሥር ሰበሰበች። ሠራተኞቹ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተደረደሩ፤ ከፊት ሐና፣ ሚፍታህ፣ የዝናና አቶ አሳምነው። ትናንት የተጠጣበት የሻይ ብርጭቆ አሁንም ሳይታጠብ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«አሳጥራለሁ» አለች መነን። «አቶ ዳምጠው ቀለበታቸውን ሳይሰቅሉ ገብተው ሞቱ ተብሏል። ውሸት ነው። ትናንት የሚሰቀል ቀለበት አልነበራቸውም፤ ከመግባታቸው አራት ሰዓት በላይ ቀድሞ በፊታችሁ አቃጥለውታል። እንግዳ ነኝ ብለዋል። እንግዳ ሲገባ ምን ይሰቅላል?»

«ባርኔጣውን» አሉ ከኋላ ሁለት ሦስት ሰዎች።

«ባርኔጣው አሥር ሰዓት ላይ ራሳቸው ላይ ነበር። ሐና ቢሮውን ስትቆልፍ ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የተቆለፈበት ሰው ወጥቶ ባርኔጣውን ሰቅሎ አይመለስም። አንድ ሰው ከሚስማሩ አንስቶ በሩን ዘጋና ባርኔጣውን ወደ ቦታው መለሰው። ሚስማሩ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው።»

ሚፍታህ ቀና አለ። መነን ወደ እሱ ዞረች። «አንተ መጣራት ነበረብህ፤ አልተጣራህም። ይሄን ከአንተ አላነሳልህም። ሚስማሩን ያራቆትከው ግን አንተ አይደለህም።»

መሐረቡን ፈታች። «ዛሬ ጠዋት ይሄን ከአስከሬኑ ኪስ አገኘሁ። የሰሌዳው መለዋወጫ ነው። ያስገባው ሰው ጠዋት አስከሬኑ አንገት ላይ ቀለበት አጣ። ፖሊስ ‹ቀለበቱ የት ሄደ? ከሚስማሩ ማን አነሳው?› ይላል ብሎ ፈራ፤ ሰሌዳው ቅርብ ነበርና ከዚያ አነሳ። ቀለበቱ መቃጠሉን የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም። ሐና አይታለች። ሚፍታህ አይቷል። የዝና አላየችም፤ ግን አባቷ በስልክ ነግሯታል፤ እኔ ሳልጠይቃት የተናገረውን ቃል በቃል ደገመችልኝ። ከአስከሬኑ ጋር ብቻቸውን ከቆዩት ውስጥ ያላወቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ፈርሞ ወዲያው ኤርፖርት የሄደው።»

የወንበሩ ረድፍ ሁሉ ወደ አቶ አሳምነው ዞረ።

«ሰው ሲያዝን ይሳሳታል» አሉ አቶ አሳምነው። «ቀለበቱን ኪሱ ያስገባሁት… ይዞት እንዲቀበር ብዬ ነው።»

«ለእኔ ግን ‹ሳይሰቅል ገባ፣ ረሳ› አሉኝ።» መነን የተሰነጠቀውን ሽመል ከእግሯ ሥር አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይሄን አንጓው ውስጥ እዩት። ሁሉም ተበስቷል። እናንተ ስብሰባ በሄዳችሁበት ሐሙስ ነው የተበሳው። የተበሳ ሽመል አይፈነዳም። ይሄን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።»

መጀመሪያ የገባት ሐና ናት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው፣ ሳይነጋገሩ፣ ገባቸው። አንድ አናጢ ተነስቶ ወደ ግንቡ ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ። ትናንት ማታ ሁሉም ሰምተዋል፤ ሁሉም ሻይ ይዘው ነበር።

«እናንተ መበሳቱን አላወቃችሁም» አለች መነን። «ከሐሙስ ወዲህ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ውስጥ ሆነው ያንኳኩ ነበር። ሌላው ‹እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ዝም ይላል› አሉ።»

«የበሳው እሱ ነው! እኔ ምን እየሠራ እንደነበር አላየሁም» አሉ አቶ አሳምነው።

«መዳፍዎን ያሳዩ።»

አላሳዩም። ጨበጡት።

«ያን ሁሉ አንጓ በብረት ዘንግ የወጋ እጅ ውሃ ይቋጥራል። የአቶ ዳምጠውን መዳፍ አይቻለሁ፤ ደህና ነው። የተላጠው ጀርባው ነው። ሳጅን፣ ኤርፖርት ምን አሉህ?»

«ምላጩን ተቀብለዋል» አለ ዲሳሳ ከደብተሩ። «ከምላጩ ጋር አንድ ነጋዴም ተቀብለዋል። ሰውየው ሆቴል አድሯል፤ አነጋግሬዋለሁ። ይሄን የአስፋልት ዳር ግቢ ይፈልገዋል። ከሁለት ወር በፊት ቀብድ ሰጥቷቸዋል፤ ትናንት ‹ሌላ ፈርመሃልና መልስልኝ› ሊል ነው የመጣው።»

የዝና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አቶ አሳምነው ሄደች። በአንድ ክንድ ርቀት ቆመች። «ጋሼ፣ በአራስ ቤት ያቀፍከኝ አንተ ነህ ይሉኛል። አባቴን ጠልተኸው ነው?»

አቶ አሳምነው የጨበጡትን እጅ ፈቱ። ውሃ የቋጠረው ቁስል ፈርጦ ነበር።

«ልገድለው ብዬ አልሄድኩም» አሉ። «ቀብድ መቀበሌን ልነግረው ነበር የሄድኩት። እያንዳንዱን ሽመል በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ እንደ ልማዱ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ‹አሳምነው፣ አየህ? አሁን በሰላም እናረፋለን› አለኝ። እናርፋለን! መቼ ጠየቀኝ? ሃያ ሁለት ዓመት እሱ ያስባል፣ እኔ እፈርማለሁ። አንድ ቀን እንኳ እንቢ ብዬው አላውቅም። ባርኔጣውን አነሳሁ፣ በሩን ገፋሁ፣ መወርወሪያውን ሳብኩ። ያን ጊዜ እንቢ ያልኩት መሰለኝ።»

«ከዚያ ሚፍታህ ሊለኩስ መጣ» አለች መነን።

«መጣ።»

«ዝም አሉ።»

«ሰኞ አለ ብዬ አሰብኩ። ሰኞ ባይመጣ ብዬ።»

«ከዚያ ሻይ ጠጡ።»

ለዚህ መልስ አልነበራቸውም። ዲሳሳ ክንዳቸውን ይዞ ሲያስነሳቸው እንደ ልጅ ተከተሉት። በጭስ ቤቱ ሲያልፉ ወደ ሚስማሩ አላዩም፤ ግቢው ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ ያላየው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አለች መነን። የሰው ዓይን ሲመለስባት ሐሳቧን ልትቀይር ምንም አልቀራትም። «አቶ ዳምጠው ሐሙስ ቢሮዬ መጥተው ነበር። ስለ አንድ ወዳጃቸው ሊያማክሩኝ። ሰኞ ይምጡ አልኳቸው። ለመስማት አሥር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።»

ማንም አልመለሰላትም። ይቅር ያላትም፣ የወቀሳትም የለም። ሚፍታህ ብቻ ከወንበሩ ጫፍ ጠጋ ብሎ ከአጠገቡ ቦታ ለቀቀላት።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ መነን የምርመራ መዝገቡን እየጻፈች ነበር። ውልና ማስረጃ ጽሕፈት ቤት በዚህ ሰዓት ሁለት ሽማግሌዎች መቅረብ ነበረባቸው፤ አንዱ ትናንት ተቀብረዋል፣ ሌላው ከኮሪደሩ ጫፍ ካለው ክፍል ተቀምጠዋል። ስብሰባ ነበራት፤ አሁንም ረፍዷል።

በሩ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ በጣት።

«ስብሰባ ላይ ናት በላቸው?» አለ ዲሳሳ ከወንበሩ እየተነሳ።

መነን ቀድማው ደረሰች። በሩን ራሷ ከፈተችው።

የዝና ናት፤ ጋዋኗን ለብሳ፣ ፋይል ይዛ። «ብዙ ጊዜሽን አልወስድም» አለች። «ፍርድ ቤት ለወራሽነት ማረጋገጫ የሞቱን ማስረጃ ይፈልጋል። ማረጋገጫው ሲወጣ ሐና ጋ ሄጄ የአባቴን ግማሽ እፈርማለሁ። አይምሰልሽ፣ አልታረቅሁትም። ግን ያን ሁሉ ጊዜ ያንኳኳው ለምን እንደሆነ ሳስብ…» ቆመች። «ስብሰባ አለሽ መሰለኝ። ሌላ ቀን እመጣለሁ።»

«ግቢ» አለች መነን። ወንበር ሳበችላት፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። «ተቀመጪ። እየሰማሁሽ ነው።»